ለቲቸር አውፍ አልልም

ቲቸር ዐብዱልዓዚዝ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። የአስር ሶላት ተሰግዶ ጀናዛው ወደ መስጊዱ ደጅ ሲወጣ እኔም ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ነበር። ላለቅስለት አልሄድኩም። እውነቱን ልናገርና፣ መሞቱን በዓይኔ ላረጋግጥ ነው የሄድኩት።

እንደ ደንቡ ከሶላቱ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ። የእህቱ ልጅ ጦልሃ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጀመዓ፣ አጎቴ ሰው ነበር። ያስቀየመው፣ ሐቁን የወሰደበት ካለ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አለ። በየጀናዛው የሚጠየቅ ነገር ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ሰው በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል» ይላል፣ ይሰገዳል፣ ይቀበራል። በዕድሜዬ ስንት ጀናዛ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

«አውፍ ብለናል» አለ ሰዉ።

«እኔ አላልኩም» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የፊተኛው ሰልፍ ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የቆመው ዒብራሂም ክንዴን ጨምቆ፣ «ወሪያ መሃድ፣ አብደሃል እንዴ?» አለኝ።

«ተጠየቅኩ፣ መለስኩ» አልኩት።

ኢማሙ ትንሽ ጠበቀ፤ ሐሳቤን የምቀይር መስሎት ይሆናል። ጦልሃ ዓይኔን አይቶ ግራ ተጋባ። እኔ ከሰልፉ ወጥቼ ሚኒባሴ ውስጥ ገባሁና በሩን ደረገምኩት። እነሱ ሰገዱ፣ ተሸክመውት ሄዱ።

በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ቀልድ አይደለም። አላህ የራሱን ሐቅ ይምር ይሆናል፤ የሰውን ግን ባለቤቱ ካልተወልህ ተሸክመኸው ነው የምትቀርበው። ስለዚህ አንድ ሰው ጀናዛ ፊት ቆሞ አልተውኩም ካለ የሟች ቤተሰብ እንቅልፍ የለውም። ይህን አውቄ ነው ያልኩት። እንቅልፍ እንዲያጡ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ወሬው ድሬዳዋን ከቀፊራ እስከ ሳቢያን አዳርሷል። ባለቤቴ ዱኒያ ምሳ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ አልቀመጥም አለች።

«ከሙት ጋር ትጣላለህ?» አለችኝ ቆማ።

«በሕይወት እያለም ተጣልቼዋለሁ። አዲስ ነገር የለም።»

«ምን አደረገህ? ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን በቅጡ ነግረኸኝ አታውቅም።»

ቲቸር ያደረገኝን ለመናገር የምፈልገው እሷ ፊት አልነበረም። ድሬዳዋ ፊት ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ዒብራሂም መጣ። ተማሪ ሳለን የኳስ ቡድናችን አምበል ነበር፣ አሁን ቀፊራ እህል ይሸጣል። ብቻውን አልመጣም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ አዴር ሽሬን ይዞ ነው። አዴር ሽሬ ጉልበቱን እያመመው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ዱኒያ ሻይ አመጣችለት። ለእኔ አላመጣችም።

«አቦ መሃድ» አለ ዒብራሂም፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ሰው ያደረገን ነው። እኔ በኦሮምኛ፣ አንተ በሶማሊኛ፣ ጦልሃ በአደርኛ እየጮህን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እርስ በርስ ስንላተም ማን አንድ ቡድን አደረገን?»

እውነት ነው። ያደረገን እሱ ነው። ቲቸር ዐብዱልዓዚዝ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሯል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ላይ እኛን ያሠለጥን ነበር። የጎሉን መረብ ከሽንኩርት ጆንያ እየፈታ ራሱ ነው የሠራው። ሜዳ ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ አማርኛ። በሌላ የጮኸ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ በድሬ ፀሐይ። ሌላም ሕግ ነበረው። ከጨዋታ ማግስት ሁላችንም የጨዋታውን ዘገባ በአማርኛ ጽፈን እንመጣለን፤ ቆመን እናነባለን። ዘገባ ያልጻፈ ኳስ አይነካም። ዒብራሂም ሁልጊዜ አራት መስመር ይጽፍ ነበር፤ አራቱም መስመር ስለ ራሱ ነው።

የእኔን ግን ቲቸር ሁለት ጊዜ ያስነብበኝ ነበር። በሶማሊኛ አፌን የፈታሁ ልጅ፣ ከቡድኑ ሁሉ የሚያምረውን አማርኛ የምጽፍ እኔ ነበርኩ። «ስሙት» ይላቸው ነበር፣ «እንዲህ ነው ሰው የሚያየው፣ እንዲህ ነው የሚጽፈው»። በረኛ ነበርኩ። ከሁሉም ኋላ ስለምቆም ሁሉንም አያለሁ።

«አንድ አደረገን፣ እሺ» አልኩት ዒብራሂምን። «ከዚያስ? ቅዳሜዋን ለምን አትነግረውም ለአዴር ሽሬ?»

«የትኛዋን ቅዳሜ?»

ይኸው። ለእሱ የትኛዋ ናት። ደሜ ፈላ። እኔው ነገርኳቸው።

አሥረኛ ክፍል ነበርን። ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ተጫዋች ሊመለምል ሰዎች እንደሚልክ ተሰማ፤ ቅዳሜ ዕለት ጨዋታችንን ሊያዩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላልኝ አለ። ሐሙስ ቀን ቲቸር የአማርኛ ፈተና መለሰ። ሦስተኛ ሕግም ነበረው፤ በአማርኛ ከግማሽ በታች ያገኘ በዚያ ሳምንት አይሰለፍም። ወረቀቴን ስቀበል አርባ ስምንት ይላል። ከአርባ ስምንቱ ሥር ግን ተፍቆ የጠፋ ሌላ ቁጥር ነበር፤ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። እኔ! ዘገባዬን ሁለት ጊዜ የሚያስነብበኝ ልጅ! ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የእኔ ውጤት አይደለም» አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሂድ አንብብ» አለኝ። ቅዳሜ ጎሉ ላይ የቆመው የእህቱ ልጅ ጦልሃ ነው። ሰዎቹ ጦልሃን ወሰዱት፣ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ተጫወተ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ መጀመሪያ የሚኒባስ ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር።

አዴር ሽሬ ሻዩን አስቀመጠ። «ልጄ፣ ሃያ አራት ዓመት ሆነው።»

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ምን ይደረግልህ ታዲያ?»

«ልጁ ሑዳ በሰው ፊት ትናገር። አባቴ የመሃድን ውጤት ሰርዞ የእህቱን ልጅ አሰልፏል ትበል። ያኔ አውፍ እላለሁ።»

«ሟችን በገዛ ልጁ አፍ ልታዋርድ?» አለ ዒብራሂም።

«እሱ እኔን በቁሜ አዋርዶኛል።»

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ ደብቀኸን ነበር እንዳትሉኝ። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከዚያች ቅዳሜ አራት ዓመት በኋላ ለቲቸር አለቆች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ገጽ፣ ስም የሌለው፣ ከታች «የተበደሉ ወላጆች» የሚል። በሶማሊኛ የሚናገር ልጅ ሲያገኝ ይደበድባል፣ ቋንቋችንን የፍየል ቋንቋ ይለዋል ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው። ቲቸር ልጅ ሲመታ አይቼ አላውቅም፤ ማስሮጥ እንጂ መምታት አያውቅም ነበር። ስለ ፍየሉም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ግን ጊዜው በቋንቋና በጎሳ ሰው የሚቆጣበት ጊዜ ስለነበር እንዲህ ያለ ቃል እንደ ጭድ እንደሚቀጣጠል አውቅ ነበር። ደግሞ ደብዳቤው ያምር ነበር። አንባቢውን ከመጀመሪያው መስመር እንዴት እንደምይዘው፣ የት እንደማሳርፈው፣ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደምወጋው ያስተማረኝ ራሱ ነው።

ሠራ። ሁለት ወር ሳይሞላ ማሠልጠኑን ከለከሉት፤ ከዚያም ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው መልካ ጀብዱ ወስደው ትንንሽ ልጆች እንዲያስተምር አደረጉት። ቡድናችንም በዓመቱ ተበተነ። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ ዱኒያም አታውቅም። እንዲያውም ደብዳቤውን የጻፈው ማን ይሆን እየተባለ በጫት በርጫ ላይ ሲወራ አብሬ እገምት ነበር።

መልካ ጀብዱ የእኔ መስመር ነው። ቲቸር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ይጠብቅ ነበር። ሳየው መሪዬን ቀጥ አድርጌ አልፋለሁ። ባዶ ወንበር እያለኝም አልፋለሁ። ረዳቶቼ «አንድ ሰው አለ!» ሲሉኝ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። እሱም አንድ ቀን እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ሚኒባሴን ከሩቅ ሲያያት እጁን ኪሱ ይከታል።

ቅዳሜ ጠዋት ተራዬን እየጠበቅኩ ሳለ ሑዳ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የቲቸር አንድ ልጅ ናት። አባቷ አልጋ ላይ የዋለበትን ዓመት ሙሉ ያስታመመችው እሷ ናት። በጥቁር ዓባያዋ ፀሐዩ ላይ ቆማ የሚኒባሴን መስኮት አንኳኳች። ልትለምነኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን እንዳልሆነ ገባኝ።

«ውረድ» አለችኝ።

ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም።

«ስልሳ አንድ ነው ያገኘኸው» አለችኝ።

ሃያ አራት ዓመት ስሟገት ከአርባ ስምንቱ ሥር የነበረው ቁጥር ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስልሳ አንድ። ጥሩ ውጤት ነው። ሰባ ቢሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው መቼም አይጠግብም።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ። ባለፈው ረመዳን። አክስቴ ቱሪያ፣ የጦልሃ እናት፣ ባሏ ሞቶባት ከነልጆቿ እኛ ጋ ነበረች። ልጄን ከዚህ አውጣልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ሐሙስ ቀን ወረቀትህን ፍቆ ጻፈበት።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ላስተዛዝን አይደለም የምነግርህ። ሰርቆሃል። አባቴ ሌባ ሆኖ ያየሁት በዚች ብቻ ነው፤ ግን ሰርቆሃል።»

«ይህንኑ በሰው ፊት በይ።»

«ነገ ቤታችን ዱዓ አለ። ሰው ሁሉ ይመጣል። ና፣ እላለሁ። ጦልሃም ይሰማል፤ እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም።»

ጦልሃ አያውቅም? ሃያ አራት ዓመት ጦልሃ አብሮ እንደዶለተ እርግጠኛ ነበርኩ። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው እጁን ሳልጨብጠው አልፌያለሁ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«አስበህበት ና» አለች። «በሰው ፊት መናገር እንዲህ የምትወድ ከሆነ አስበህበት ና።» ባጃጅ አስቁማ ሄደች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም፤ ንዴቷ ነው ብዬ ተውኩት። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሹፌሮች አፍጥጠው ያዩኝ ነበር። «ምን ታያላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ገንደ ቆሬ ሄድኩ። የቲቸር ግቢ ድንኳን ተጥሎበት በሰው ሞልቷል። ነጭ ልብሴን ለብሼ ነበር፤ ዱኒያ አልተኮሰችልኝም፣ ራሴ ነው የተኮስኩት። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጨዋታው ቆመ። ማንም ቦታ አልለቀቀልኝም፤ አዴር ሽሬ ብቻ ምንጣፉን በእጁ መታ መታ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ዒብራሂም በሌላ ጎኔ ነበር። ፊት ለፊቴ ጦልሃ ተቀምጧል፤ ወፍሯል፣ ጸጉሩ ሳስቷል።

ዱዓው አለቀ። ሑዳ ሴቶቹ ካሉበት ክፍል ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወረቀት አልያዘችም። «አባቴ ያለበትን ሐቅ እንድናገር መሃድ ጠይቆኛል» ብላ ጀመረች፤ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ፈተናውን፣ ስልሳ አንዱን፣ አርባ ስምንቱን፣ ቅዳሜዋን። አባቴ ተሳሳተ አላለችም፤ «አባቴ በደለ» ነው ያለችው። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀጠቀጠ፣ የአክስቷን ስም ስትጠራ።

ጦልሃ መጀመሪያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ስድስት ዓመት የተጫወተው፣ በየሻይ ቤቱ የሚተርከው ሁሉ በሰው ፊት ተወሰደበት። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ። ሃያ አራት ዓመት የጠበቅኳት ደቂቃ ናት፤ አጣጣምኳት።

«በል እንግዲህ ልጄ» አለ አዴር ሽሬ። «ያልከው ተደርጎልሃል።»

«አውፍ ብዬዋለሁ» አልኩ።

ቀላል ነበር። ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ትንፋሹ ሲወጣ ተሰማኝ። ዒብራሂም እንኳ ጉልበቴን በእጁ ቸብ ቸብ አደረገ። ልነሣ ስል አዴር ሽሬ ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ። አውፍ የአንድ ወገን አይደለም። አንተም ከሟቹ ሐቅ ካለብህ ቤተሰቡ እዚሁ ነውና ጠይቅ። ንጹሕ ሆነህ ውጣ።»

የወግ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ብሎ ያመጣው አይደለም። ግን ሦስቱ ገጽ ትዝ አለኝ። ማንም አያውቅም አልኩ በልቤ፤ ሰውዬው ሞቷል፣ ወረቀቱም ተጥሏል። አሁን ያሸነፍኩትን በገዛ አፌ ላበላሸው?

«የለብኝም» አልኩ።

«ልክ ነው» አለች ሑዳ ከበሩ ላይ። «አሁን የለበትም። አባቴ በረመዳን ሁለት ጎረቤት አስጠርቶ፣ በስሙ ጠርቶ ለመሃድ አውፍ ብሎታል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ለምኑ?» አለ ዒብራሂም።

ሑዳ ወደ እኔ አገጯን ቀሰረች። «እኔ ያባቴን ተናግሬያለሁ። የራሱን ራሱ ይናገር።»

ሁሉም አዩኝ። ጦልሃም እጁን ከፊቱ አውርዶ አየኝ። ተነሥቼ መውጣት እችል ነበር፤ ጫማዬ በሩ ጋ ነው። ግን ብወጣስ የት እሄዳለሁ? ሚኒባሴን ነገም የምነዳት በዚሁ ሰው መሀል ነው። ደግሞ ይህች ሴት ያለ ወረቀት ቆማ ያባቷን ነውር ስትዘረዝር አሁን ነው ያየኋት፤ ያስቆምኳት እኔ ነኝ።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የትኛውን ደብዳቤ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ከተማው ስንት ዓመት ያወራው ነገር ነው። መናገር ከጀመርኩ ወዲያ አልቆምኩም። ስለ ድብደባው ውሸት መሆኑን፣ የፍየሉን ነገር ከራሴ እንዳመጣሁት፣ መንገድ ዳር እያየሁት በባዶ ወንበር እንዳለፍኩት፣ ሁሉንም ዘከዘክሁት። ስጨርስ ሑዳን ቀና ብዬ አየኋት።

«መቼ ነው ያወቀው?»

«አለቆቹ ያነበቡለት ዕለት» አለች። «ሁለት መስመር እንደሰማ አወቀህ። ማን ይመስልሃል ብለው ጠየቁት። አላውቅም አላቸው። ስምህን ቢጠራላቸው ኖሮ ይተውት ነበር፤ አንተ ግን ትታሰር ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለዚህ ነገር ትጣላው ነበር። ወረቀቱን የፋቅኩበት እኔ ነኝ፣ እንዴት ስሙን እጠራለሁ ይላት ነበር።»

አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ዳር ቆሞ ሳልፍ ያየኝ አውቆ ነው። እኔ እሱን የምቀጣው መስሎኝ መሪዬን ቀጥ አደርግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሁሉን እያወቀ እጁን ኪሱ ከትቶ ያሳልፈኛል። ሃያ አራት ዓመት ያቀፍኩትን ጥላቻዬን ሰውዬው አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሰልኝም። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ጀመዓ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አውፍ በሉኝ።»

አንድም ሰው አልመለሰም። ድንኳኑ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው አለ፤ የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል። ያ ደብዳቤ የቲቸር ብቻ አልነበረም። የነዚህ ሰዎች ልጆች መምህራቸውን አጥተዋል፤ ቡድናቸው ፈርሷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት አንተ ነህ የጻፍከው እየተባባለ ስንት ዓመት ሰላም አይባባልም ነበር። ይህን አስቤው አላውቅም፤ እዚያ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት።

በመጨረሻ አዴር ሽሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቲቸር ሐቁን ትቶልሃል፤ ያ ጉዳይ አልቋል» አለ። «የሌላውን ግን በጅምላ አትጠይቅም። እያንዳንዱ ሰው ፊት ቀርበህ ትጠይቃለህ። የሰጠህ ይሰጥሃል፤ ያልሰጠህን አታስገድደውም።»

አጠገቤ ካለው ልጀምር ብዬ ወደ ዒብራሂም ዞርኩ። «አቦ ዒብራሂም፣ አውፍ በለኝ» አልኩት። ጉልበቱን ከጉልበቴ አራቀ፤ ተነሣና ጫማውን ፍለጋ ወደ በሩ ሄደ።